በጎ ፈቃደኛው ክረምቱን ይክረም



ከውጭ አገር መጥተው በበጎ ፈቃድ ስላገለገሉ ሰዎች ሲጻፍ ሁልጊዜ የሚቆጠረው የሰጡት ነው፤ ይህን ያህል ክፍል ተሠራ፣ ይህን ያህል መጽሐፍ መጣ፣ ይህን ያህል ሕመምተኛ ታከመ። ምን ያህል ቆዩ? ቋንቋውንስ ለመዱት ወይ? ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ ሙግት አጭር ነው፤ እንደ ደቡብ ወሎዋ መካነ ሰላም ባለ አገር አንድ ክረምት ያልከረመ እንግዳ የሚሰጠው ምክር ብዙ አያስኬድም።

«ከረመ» እና «ክረምት» የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ከደሴ በአቃስታ አድርጎ ወደ ምዕራብ ለሚጓዝ ሰው የደቡብ ወሎ ደጋ በጥር ፀሐይ ዓይን ይማርካል። እንግዳም የሚበዛው በጥር ነው። መንገዱ ደረቅ፣ ጎተራው ያልጎደለ፣ ሠርጉ የደመቀ። ሐምሌ ሲገባ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ያለው ይኸው አገር ጉም ይለብሳል። ልብስ አይደርቅም፣ እርጥቡ እንጨት ከእሳቱ ጭሱ ይብሳል፣ ከዋናው መንገድ የራቀውን ቀበሌ ጭቃው ይቆርጠዋል፣ ያለፈው ዓመት እህልም የሚያልቀው ያኔ ነው። ነፍሰ ጡሯ ለምን ጤና ጣቢያ ሳትደርስ እንደወለደች፣ ልጁ ለምን መስከረም ላይ ወደ ትምህርት ቤት እንዳልተመለሰ ለጥር እንግዳ አይገለጥለትም።

ቋንቋውና ልማዱም እንዲሁ ናቸው። ወሎ ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤት ድግስ ይጠራራል፤ ሥጋው ግን የየራሱ ነው። እንግዳ ተቀባዩ የማንን ዕርድ እንደሚያቀርብ ይጨነቃል፣ እንግዳው ደግሞ ጭንቀቱ አይገባውም። ረቡዕና ዓርብ ለምን ወተት እንዳልቀረበለት፣ በረመዳን ቀን ለምን ቡና እንዳልተፈላ ለመረዳት ወራት ያስፈልጋሉ። ቡናውም ቢሆን በአቦል አያልቅም፤ የቤቱ ችግር የሚነሳው ብዙ ጊዜ ከቶና በኋላ ነው፣ ጎብኚው ግን መኪናው እየጠበቀው ስለሆነ በአቦል ይነሳል።

መቆየት እንደሚያስፈልግ ያወቁ ሰዎች ነበሩ። የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን መባቻ ሲመጡ ከ270 በላይ ነበሩ፤ በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተበትነው ሁለት ሁለት ዓመት አስተማሩ። ኋላ የአሜሪካ ሴናተር የሆነው ፖል ሶንጋስ ከእነዚያ አንዱ ነበር፤ ያስተማረውም ወሊሶ ነው። እርግጥ መቆየታቸው ብቻውን አላዳናቸውም፤ በ1961 ዓ.ም. የተማሪዎች ዐመፅ ይውጡ ከተባሉት መካከል እነርሱም ነበሩበት። ሆኖም ይውጡ የተባሉት በአብዛኛው በመንግሥታቸው ፖለቲካ ምክንያት ነው፤ ሁለት ዓመት ስለቆዩ አልነበረም።

ኢትዮጵያውያንም ከዚህ ርቆ ሄዶ፣ ቆይቶ ከማገልገል ሥርዓት ውጭ አልነበሩም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል ተደርጓል። ግዴታ ስለነበር በጎ ፈቃድ ማለት ባይቻልም፣ ለአዲስ አበባ ልጅ የገጠር ከተማ ኑሮ ከባዕድ አገር ኑሮ ብዙ አይለይም ነበር።

መካነ ሰላም ላለችበት ለቦረና ወረዳ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ካርልሄንዝ በም ነው። «ሲሲ» በተባሉት ፊልሞች ንጉሠ ነገሥት ሆኖ በመጫወት የታወቀው ኦስትሪያዊ ተዋናይ፣ ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም. በጀርመን ቴሌቪዥን የውርርድ ዝግጅት ቀርቦ፣ ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ ለተራበ ሰው አንድ አንድ ማርክ አይሰጥም ሲል ተወራረደ። ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰበሰበ። ገንዘቡን በባንክ ልኮ ሥራውን መቀጠል ይችል ነበር። እርሱ ግን ራሱ መጣ፤ በ1974 ዓ.ም. «ሰዎች ለሰዎች»ን አቋቁሞ በሐረርጌ ኤረር ሸለቆ ጀመረ። ኢትዮጵያዊት አገባ፣ የክብር ዜግነት ተሰጠው፣ ሕዝቡም «አቦ ካርል» አለው። ግንቦት 2006 ዓ.ም. ሲያርፍ ከዚያ ውርርድ 33 ዓመት ሆኖት ነበር። ድርጅቱ ቦረናና ወግዲ ወረዳዎችም ደርሷል፤ አሠራሩ በአንድ ወረዳ ዓመታት ቆይቶ ውኃውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ጤናውንና አፈር ጥበቃውን አብሮ መያዝ ነው፤ ሠራተኞቹም በአብዛኛው ያገሩን ቋንቋ የሚናገሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ይህን ከጥር ጉብኝት ጋር በአንድ ስም «በጎ ፈቃድ» ብሎ መጥራት ፍርደ ገምድልነት ይመስላል።

አንድ ነገር ግን መታመን አለበት። የዓይን ሞራ የሚገፍ ሐኪም ሁለት ሳምንት ይበቃዋል፤ እጁ እንጂ አማርኛው አይደለም የሚፈለገው። ከዲያስፖራ የሚመጡ ሐኪሞችም በዚህ ረገድ ባለውለታ ናቸው። ሙግቱ ሊያስተምሩ፣ ሊመክሩና «ፕሮጀክት» ሊቀርጹ ከሚመጡት ጋር ነው።

የአማራ ክልል ሰላም ባጣበት ሁኔታ ይህ ወሬ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ሰላም ሲወርድ ግን እንግዳው መምጣቱ አይቀርም፤ መካነ ሰላም አሁን የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለባት ከተማ ናት፤ ጋባዥ አታጣም። ስለዚህ ጋባዦች፣ ዩኒቨርሲቲውም ይሁን ትምህርት ቤቱ ወይም ጤና ጽሕፈት ቤቱ፣ በሚያስሞሉት ቅጽ ላይ ከስምና ከሙያ ቀጥሎ አንዲት መስመር ይጨምሩ፦ «ሐምሌና ነሐሴን የት ያሳልፋሉ?»


አንድ አንባቢ