ሞተሩን ዳግም ከመፍታት በፊት

የጎንደር አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ይጠበቅባቸዋል፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለውን ጠግኖ መያዝ ግድ ሆኗል። ስለዚህ ወርዶ የታደሰ ሞተር ሲያስቸግር ባለቤቱ ዳግም ከማስፈታቱ በፊት ደጃፉ ላይ ቀላል ቀላሉን ይመርምር እላለሁ። ሞተሩ ሳይሞቅ የራዲያተሩን ውኃና የዘይቱን መጠን ይመልከት፤ የካንዴላ ገመዶቹ በየተራቸው መሰካታቸውን ያረጋግጥ። ደጋው ራሱ ያሳስታል፦ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ጎንደር ንጹሕ ውኃ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ አየሩም ስስ ስለሆነ ባለካርቡራተር ሞተር ነዳጅ ይበዛበትና ጉልበት ያንሰዋል። የሊማሊሞ ዳገት ላይ መድከም ብቻውን እድሳቱ መበላሸቱን አያሳይም።

«ባለሙያ ያልሆነ ሰው ከነካው ያበላሸዋል» የሚሉ አሉ፤ ስጋታቸው እውነትነት አለው። ማየት ግን መፍታት አይደለም። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር የሚገኝ ነጭ አረፋ በደባርቅ ብርድ የተጠራቀመ እርጥበት ሊሆን ይችላል፤ በመለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይትም ወተት ከመሰለና የራዲያተሩ ውኃ ከጎደለ ግን ውኃ ከዘይት መቀላቀሉ አይቀርምና ሞተሩ አይነሣ። ይህን ለይቶ የሚናገር ባለቤት መካኒኩን በግምት ከመፍታት፣ ራሱንም ከድርብ ወጪ ያድናል።