ገንፎው እሱንም ይመለከታል

«ገንፎሽን መች ነው የምታበይን?»

እሑድ ዕለት፣ ሻርጃ፣ ክርስትና ቤት። ጠያቂዋ ክፉ ሴት አይደሉም፤ የታመመ ሲጠይቁ፣ ያዘነ ሲያጽናኑ የሚውሉ እናት ናቸው። ተጠያቂዋ ካገባች ሰባት ዓመት ያለፋት ልጅ ናት። «እሱ ሲፈቅድ ነዋ፣ እትዬ» ብላ ሳቀች። ባሏ አጠገቧ ተቀምጧል። እሱን የጠየቀው ሰው የለም። ይልቁንስ «ኧረ ልጁን አስተናግዱት እንጂ!» ተባለና ጥብስ ተጨመረለት።

የበላሁት አልወርድ ብሎኝ ነው ዛሬ ይህን የምጽፈው።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ጠቤን ታውቁታላችሁ፦ ልጅ ሲዘገይ ባልየውም ከመጀመሪያው ይመርመር። ባለፈው ይህንኑ ሳነሳ «ወንድ ልጅ ምን ጎድሎት!» ብላችሁ የጮኻችሁብኝ ነበራችሁ። የጎደለውማ የሚታወቀው ላቦራቶሪ ሲሄድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት ከ6 ሰው 1ዱ በዕድሜው ዘመን የመውለድ ችግር ይገጥመዋል። ልጅ ካጡት ጥንዶች ደግሞ በግማሽ ያህሉ፣ ብቻውንም ሆነ ከሚስቲቱ ችግር ጋር ተደርቦ፣ የወንዱ ጉዳይ አለበት። «ምኒልክ ከሌላ ወልደዋል፣ ያልወለዱት ጣይቱ ናቸው» ብሎ የመለሰልኝም አለ። ወንድሜ፣ አንተ ምኒልክ አይደለህም።

እኛ ዘንድ ሁሉም ነገር ከእሷ ይጀመራል። ጠበል ትጠመቃለች፣ ለቁልቢ ገብርኤል ትሳላለች፣ ሆርሞኗ ይለካል፣ በማሕፀኗ ቀለም ተረጭቶ ቱቦዋ ክፍት መሆኑ በራጅ ይታያል። የመጨረሻው እንዴት እንደሚያም ያየችው ትንገራችሁ። ከእሱ የሚፈለገው ከ2 እስከ 7 ቀን ተቆጥቦ በአንዲት ብልቃጥ ናሙና መስጠት ነው። ለዚህች ብልቃጥ የክርስትና ቤቱ ባል ዓመታት ፈጀ።

ባልና ሚስቱ የሄዱበት ክሊኒክ የጋብቻ ወረቀትም ጠይቋል። ልጅቷ በሽማግሌ ተጠይቃ፣ በቤተ ክርስቲያን ተጋብታ፣ ክብር መዝገብ ደጃፍ ሳትደርስ የወጣች ናት። የቤተሰብ ሕጋችን የሃይማኖቱንም የባህሉንም ጋብቻ ይቀበላል፤ የክሊኒኩ እንግዳ ተቀባይ ግን የሠርግ ቪዲዮ አትቀበልም። የአዲስ አበባው ውጭ ጉዳይ፣ የኤሚሬትስ ኤምባሲ፣ እዚህ ደግሞ የእነሱው ውጭ ጉዳይ ማኅተም እየመቱበት የዞረው ወረቀት ከባልየው ቀድሞ ተዘጋጀ። ባልየው ባለፈው ወር ሄደ። ውጤቱን አልነግራችሁም፤ የራሱ ነው። ብቻ ከዚያ በኋላ አይቪኤፉ (እንቁላልና ዘር ከማሕፀን ውጭ የሚገናኙበት ሕክምና) ተጀመረ።

«ጻፈው» ስላለችኝ ልቀጥል፤ ማንነቷን የሚያሳውቀውን ቀያይሬዋለሁ።

የምትኖረው ዓጅማን ነው፣ ከሌሎች የአገር ልጆች ጋር በአንድ ክፍል። እንቁላሎቹ በዛ ብለው እንዲያድጉ በየቀኑ ሆዷ ላይ የምትወጋው፣ ብዕር የመሰለ መርፌ ተሰጣት። መርፌው ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ፍሪጁ የጋራ ነው። በላስቲክ ጠቅልላ ከበርበሬው ጀርባ ሸጎጠችው። ብዙም ሳይቆይ ተገኘ።

«ስኳር አለብሽ እንዴ?»

«አዎ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ሻይዋ ያለ ስኳር ነው የሚቀዳላት። አንዷማ ማታ አብሽ ዘፍዝፋ እያሳደረች ጠዋት በባዶ ሆዷ ታጠጣታለች። መካን ከመባል ስኳር በሽተኛ መባል እንደሚሻል ለማስላት ልጅቷ ደቂቃም አልፈጀባት።

ገንዘቡስ? አንዱ ዙር ከ20 ሺህ ድርሃም በላይ ነው፤ አብዛኞቻችን የያዝነው መሠረታዊው ኢንሹራንስ ደግሞ ይህን አይነካም። የመጀመሪያው እቁብ ለእሷ እንዲሆን ለመነች። ዳኛው ለምን ቢሏት «አገር ቤት ቤት ልጀምር ነው» አለች። ሁለተኛ ውሸት።

«አገሯ ገብታ ጳውሎስን ብትሞክርስ?» የምትሉ አላችሁ። ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. የከፈተው ማዕከል በመንግሥት ሆስፒታል ደረጃ በአገራችን የመጀመሪያው ነው፤ እሰየው። የዓመት ፈቃዷ ግን 30 ቀን ናት። ምርመራው፣ መርፌው፣ ጥበቃው በ30 ቀን ባያልቅስ?

እያደር የከነከነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ባሏ ሾፌር ነው፤ የሚያድረው አል ኩዝ፣ የኩባንያው ካምፕ ውስጥ። እሷ ቀን ቀን ሚርዲፍ ሰው ቤት ትሠራለች። የሚገናኙት በኦፏ፣ እሑድ፣ የክፍሉ ልጆች ቅዳሴ ሲወጡ ነው። (በዚህም «ያቺ ልጅ ሃይማኖቷን ተወች» ተብላ ትታማለች።) ሐኪሞች 1 ዓመት፣ ሴቷ 35 ካለፈች 6 ወር ሞክራችሁ ካልሆነ ኑ ይላሉ። ያ ዓመት አብረው ለሚያድሩ ሰዎች የተቆረጠ ነው። እንቁላል ከወጣች በኋላ ዕድሜዋ 1 ቀን ገደማ ነው፤ የወንዱ ዘር ቢበዛ 5 ቀን ይቆያል። እንግዲህ እንቁላሏ ሐሙስ የወጣች የእሑድ ሚስት ተስፋዋ ቀጭን ነው፤ ዓርብ ከወጣችማ ያ ወር አመለጣት ማለት ይቻላል። ስንቶቹ ይሆኑ መካን ተብለው ከጠበል ጠበል የሚንከራተቱት፣ የጎደላቸው ግን አብሮ ማደር ብቻ የሆነ? ይህን ሳልጽፍ ነው እስከ ዛሬ በባሎች ላይ ብቻ ስጮህ የኖርኩት። በባሎች ላይ መጮሄን አላቆምም፤ ግን ካምፕ የሚያሳድረው አሠሪም ጆሮ ቢኖረው ደስ ይለኛል።

እ.ኤ.አ. የ2022ቱ የኤሚሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት 1 የእረፍት ቀን ከነክፍያው ሰጥቷል። ሕክምናው ግን ኦፍ አያውቅም። የእንቁላሎቹ እድገት በየሁለት በየሦስት ቀኑ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ የመጨረሻዋ መርፌ ሰዓቷ የተቆረጠ ነው፣ ከተወጋች ከ36 ሰዓት ገደማ በኋላ እንቁላሎቹ ይወሰዳሉ። ለማዳም ምን ይባላል? ጥርሴን አመመኝ? አገር ቤት ሰው ሞተብኝ?

ሦስተኛውን ውሸት አዘጋጅታ ገባች። ወጥ ቤት ቆማ አፏን ስትከፍት ግን እውነቱ አመለጣት። ማዳሟ ዝም ብላ ሰማቻትና «መርፌ ከጀመርሽ ስንተኛ ቀንሽ ነው?» አለቻት። ትንሹን ልጇን ያገኘችው በዚሁ መንገድ ነው፤ ለገዛ እናቷ እንኳ አልተናገረችም። ኦፏን ቀጠሮ ባለባት ቀን እንድትቀይር ፈቀደችላት፤ መርፌውንም አምጥታ ሚርዲፍ ፍሪጅ ውስጥ እንድታስቀምጥ።

አብሹ ግን አልቀረላትም፤ ዛሬም ጠዋት ጠጥታ ነው የወጣችው።