ስካነሩን ሳይሆን ድራይቨሩን ግዙ

እኔ የምለው፣ ስካነር ሲገዛ ፕሮግራመሩ ለምንድን ነው የማይጠየቀው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሶፍትዌር ሠርቼ ነበር። የመዝገብ ቤቷ እትዬ ደብዳቤውን ስካነር ላይ ያደርጋሉ፣ አንድ ቁልፍ ይጫናሉ፣ ምስሉ ከፋይል ቁጥሩ ጋር ይቀመጣል። በቃ። ግዥ ክፍሉም በደንቡ መሠረት 3 ፕሮፎርማ ሰብስቦ ስካነር ገዛ። ስፔስፊኬሽኑ ላይ ጥራቱ፣ በደቂቃ የሚያነሳው ገጽ፣ ዋስትናው፣ ቀለሙ ሳይቀር ተጽፏል። ስለ ድራይቨር ግን አንድ መስመር የለም። ዕቃው መጣ፤ ከራሱ ሶፍትዌር ጋር ሽምጥ ይጋልባል፣ ከእኔ ፕሮግራም ጋር ግን ዝም። ጥፋተኛው ማን ተባለ? እኔ ነኛ! እትዬ ሁለት ወር ሙሉ «ልጄ፣ ያ ነገር ተሠራ?» እያሉ ደብዳቤ በእጃቸው ሲመዘግቡ ከረሙ። ስካነሩ ጨርቅ ለብሶ አጠገባቸው ተቀምጧል።

ምክንያቱ ሲታይ ያስቃል። ትዌይን ፕሮግራምንና ስካነርን የሚያግባባ፣ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ያለ ስምምነት ነው። የትዌይን ድራይቨር ለብቻው ተቀምጦ አይሠራም፤ በፕሮግራማችሁ ሆድ ውስጥ ነው የሚገባው። የስካነሩ ድራይቨር ባለ 32 ቢት ብቻ፣ የእኔ ፕሮግራም ደግሞ ባለ 64። ሁለቱ አንድ ሆድ ውስጥ አያድሩም፣ ልመናም ፀሎትም አይሠራም። መውጫው ሌላ ትንሽ ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ጽፎ በመሃል አስተርጓሚ ማድረግ ነው። (ናፕስ2 የተባለው ነጻ ሶፍትዌርም ይህንኑ ያደርጋል፤ ኮዱ ክፍት ነው፣ ገብታችሁ እዩት።) ሁለቱ ወር ያለቀው እዚያ ላይ ነው።

ዊያ የሚባለው የማይክሮሶፍት መንገድ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ድራይቨሩ ከፕሮግራማችሁ ውጭ ስለሚሠራ የቢት ጣጣ የለበትም። ግን የስካነሩን ልዩ ልዩ ችሎታ እንደ ትዌይን አያወጣላችሁም።

«ታዋቂውን ብራንድ ግዛና ተገላገል» የሚሉኝ ጓደኞች አሉኝ። አልስማማም። ስካንስናፕን ውሰዱ፤ ለቢሮ ሰው ግሩም ዕቃ ነው። ብዙዎቹ ሞዴሎቹ ግን ያለ ትዌይን ድራይቨር ነው የተሸጡት፤ ዝምድናቸው ከራሳቸው ሶፍትዌር ጋር ብቻ ነው። የዚያው ኩባንያ ኤፍአይ የሚባሉት ስካነሮች ግን ትዌይን አላቸው። ስሙ ሳይሆን ሞዴሉ ነው የሚጠየቀው።

ሊኑክስ ላይ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ (ይህን ስል የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም)። የሴን ፕሮጀክት እያንዳንዱን ሞዴል ሙሉ በሙሉ ከሚሠራው እስከ ጭራሽ የማይሠራው ድረስ ደረጃ የሰጠበት ዝርዝር አለው። እኔ ደግሞ ዛሬ ብጠየቅ፣ በኔትወርክ የሚሠራና ኢኤስሲኤልን የሚያውቅ ስካነር ነው የምመርጠው። በኤችቲቲፒ ትጠይቁታላችሁ፣ ምስሉን ይመልሳል። የኩባንያው ድራይቨር የሚባል ነገር የለም።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ባለ 32 ቢት እትም የለውም። ስለዚህ የኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ለሞዴሉ የዊንዶውስ 11 ድራይቨር ከሌለ፣ በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

እውነቱን ለመናገር የሁለቱ ወር ጥፋት ግማሹ የእኔ ነው። በፕሮፎርማ የሚያሸንፈው ርካሹ ነው፤ ርካሹን የሚያስቆመው ደግሞ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው። እኔ አላስጻፍኩም። አሁን ግን «ባለ 64 ቢት ትዌይን ድራይቨር ያለው፣ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት በእኛ ፕሮግራም የሚሞከር» የምትለዋን መስመር ከጥራቱ በላይ አስቀምጣታለሁ።

ባለፈው አንዱን ሻጭ «ድራይቨሩ ባለ ስንት ቢት ነው?» አልኩት። ግራ ገብቶት ካርቶኑን ገለባበጠና «ሲዲ አለው» አለኝ። የእኔ ላፕቶፕ የሲዲ ማስገቢያ የለውም።