ኮረኮንች ላይ ካርቦን ለማን ብሎ?

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የጫማ ፎቶ ላከልኝ። ሶሉ እንደ ዳቦ የተነፋ፣ መሃሉ ላይ የካርቦን ሳህን የተቀበረበት፣ ቀለሙ ዓይን የሚወጋ። ከሥሩ «ቲቸር፣ ለየቀኑ ልምምድ ይሄ የሚያስፈነጥረው ይሁነኝ ወይስ ያ ወፍራሙ ለስላሳው?» ብሎ ጽፏል። ዋጋውን ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። «ብሩን ከየት አመጣኸው?» ስለው «አባዬ ሁለት ፍየል ሊሸጥልኝ ነው» አለኝ።

ደሜ የፈላው እዚህ ላይ ነው። በልጁ አይደለም፣ በአባቱም አይደለም። ከጦርነትና ከድርቅ የተረፈች ፍየል ለልጁ ሕልም የሚሸጥ አባት ምን ይወጣለታል? የተናደድኩት እንዲህ ዓይነት ምክር በሚሰጡት ነው። ስለዚህ መልሱን ለእሱ ብቻ በውስጥ መስመር ከምልክለት ለሁላችሁም ልጻፈው። የሚከፋውም ይከፋው።

መጀመሪያ ቴሌግራም ላይ «ይሄን ካደረግህ ትበራለህ» ለምትሉት ሻጮች። ማስረጃችሁ ሁሌም ትዕግስት አሰፋ ናት። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 2023 በርሊን ላይ 2:11:53 ገብታ በወቅቱ የዓለምን ክብረ ወሰን ስትሰብር እግሯ ላይ የነበረው የአዲዳስ ጫማ 138 ግራም ብቻ ነበር። ዋጋው 500 ዶላር። የማትናገሩት ግን ሠሪው ራሱ ያንን ጫማ ለአንድ ማራቶን ብሎ እንዳወጣው ነው። የሠርግ ልብስ ለብሶ እርሻ የሚወርድ ሰው አይታችኋል? ለልጆቹ የምትሸጡት እሱን ነው። ያውም ኦሪጅናል ከሆነ።

የካርቦን ጫማ ጉልበት ይቆጥባል፣ አልክድም። የመጀመሪያው የናይኪ ጫማ በላቦራቶሪ ሲፈተን ቁጠባው በአማካይ 4 በመቶ ገደማ ነበር። ግን ፈተናው የተደረገው ትሬድሚል ላይ ነው። ትሬድሚል ድንጋይ የለውም፣ ቁልቁለት የለውም፣ ፍየል መንገድ አያቋርጥበትም። ከሰቆጣ ወደ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ በእግራችሁ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ጠንካራው ሳህን ከድንጋዩ ጋር አይተጣጠፍም። ድንጋዩ በአንድ ጎን ሲያነሳው ጫማው በሙሉ ይዘነበላል፣ ቁርጭምጭሚትም አብሮ ይሄዳል። ከሥር ያለችው ጎማ ደግሞ ለክብደት ሲባል ስስ ናት፤ የኛ ኮረኮንች ቶሎ ይበላታል።

ከሁሉም በላይ ግን ቀላል ሩጫ የሚሮጠው ሰዓት ለማሻሻል አይደለም። እግር እንዲጠነክር፣ ኮንዲሽን እንዲገነባ ነው። ጫማው የሚሠራልህን ሥራ እግርህ መቼ ይለማመደዋል? እ.ኤ.አ. በ2023 ተመራማሪ ሐኪሞች የካርቦን ጫማ ሲጠቀሙ የመሃል እግር አጥንታቸው የተጎዳ አምስት ሯጮችን ታሪክ አሳትመው ነበር። አምስት ሰው ማረጋገጫ አይሆንም፤ ማስጠንቀቂያ ግን ይሆናል።

ሁለተኛ፣ «አበበ በባዶ እግሩ ሮጦ የለ? ጫማ ምን ያደርጋል!» ለምትሉት። ይሄ ወሬ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ለሚያወራ ሰው ይጥማል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16 ገብቷል፣ አዎ። ያገኘው ጫማ ስላልተመቸው፣ በባዶ እግርም መሮጥ ስለለመደ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይስ? ጫማ አድርጎ 2:12:11! ራሱ አበበ ያልተከተለውን ምክር ለድሃ ልጅ አትስጡ። በባዶ እግር መሮጥ ምርጫ የሚሆነው ቤት ውስጥ ጫማ ላለው ሰው ነው።

ሦስተኛ፣ የወፍራሙ ለስላሳ ጫማ ወዳጆች። የእናንተ ነገር ይሻላል፤ ግማሽ እውነት ይዛችኋል። አስፋልት ላይ፣ ረጅም ሩጫ በነጋታው፣ እግር ሲዝል፣ ለስላሳ ሶል ውለታው ትልቅ ነው። እኔም በዚህ ዕድሜዬ እሱን ነው የማደርገው። ግን «በወፈረ ቁጥር ይሻላል» የሚባለው ውሸት ነው። ከፍ ያለና የሚዋልል ሶል ድንጋይ ላይ እንደ በርጩማ ላይ መቆም ነው። ውፍረት በውድድርም ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የቪየና ማራቶንን ደራራ ሁሪሳ አንደኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ውጤቱ ተሰረዘ። የተፈቀደው 4 ሳንቲ ሜትር ነው፣ የእሱ ሶል 5 ሆኖ ተገኘ። በአንዲት ሳንቲ ሜትር 42 ኪሎ ሜትር ከንቱ ቀረ።

«የአዲስ አበባዎቹ ግን በካርቦን ይለማመዳሉ» የሚል አይጠፋም። እነሱ ጋ ማናጀር አለ። ለአስፋልት ቀን አንድ፣ ለጫካ ቀን ሌላ፣ ለኮረኮንች ሌላ ጫማ አላቸው። የኛ ልጅ ያለው አንድ ጥንድ ነው። አንድ ብቻ ላለው ሰው ጥያቄው «የቱ ያፈጥናል?» ሳይሆን «የቱ ዓመቱን ሙሉ ሳያስነክሰኝ ያደርሰኛል?» ነው።

ይሄን የምለው ከደሙ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ከዓመታት በፊት አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ ለውድድር ስትዘጋጅ ቀላል የመወዳደሪያ ጫማ ተውሼ ሰጠኋት። «ትልመደው» ብዬ በየቀኑ አስሮጥኳት። በሁለት ሳምንት ቅልጥሟን አመማት፣ ውድድሩም አመለጣት። «ቲቸር ምንም አይደል» አለችኝ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ምንም አይደል ማለት አቅቶኛል።

እንግዲህ መልሴ፦ ለየቀኑ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ካልከኝ የሚያስፈነጥረውን ተወው፣ ለስላሳውን ያዝ። ግን መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ ከሥሩ ሰፋ ያለ፣ ጎማው ወፍራምና ድንጋይ የሚቆነጥጥ ይሁን። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ከኋላ እየው፤ ካዘነበለ አትግዛ። ልባሽ ከሆነ ላዩ ስለታጠበ አትታለል፤ የሶሉን ጎን እይ፣ ተጨማዶ ካለቀና በአውራ ጣት ስትጫነው ካልተመለሰ ሞቷል። ፈጣኑ ጫማ የፍጥነትና የውድድር ቀን ነው። ያ ቀን ሲደርስ እናስብበታለን።

ውጭ ያላችሁ ወዳጆቼና የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ደግ ልባችሁን አውቃለሁ። ግን ለአንድ ልጅ የ500 ዶላር ጫማ ልካችሁ ፎቶ ከምታስነሱት፣ በዚያው ብር ለብዙ ልጆች ተራ የልምምድ ጫማ ላኩ። ቁጥራቸውን ጠይቁኝ፣ ለክቼ እልካለሁ።

አንተ ልጄ ደግሞ፣ ለአባትህ ደውል። ፍየሎቹ ይቆዩ በለው።

ቸር እንሰንብት።