ከምሕረት ይልቅ ጊዜ

ግብር መክፈል ግዴታ መሆኑን የሚክድ ነጋዴ ብዙ የለም፤ ይሁን እንጂ ለአነስተኛ ግብር ከፋዮች የተለመደው የመክፈያ ወር ሐምሌ በመሆኑ፣ ዝናቡ ገበያውን በሚያቀዘቅዝበትና የልጆች የትምህርት ቤት ወጪ በሚቃረብበት በዚያ ወራት የተጠየቀውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ አሟልቶ ማቅረብ የማይሆንለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ነገር አንዱን ሲያደርግ ይታያል፤ ወይ ከአራጣ አበዳሪ ተበድሮ ይከፍላል፣ ወይም ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አኑሮ ዝም ይላል። ሦስተኛው መንገድ፣ ይኸውም ወደ ገቢዎች ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ያለውን ከፍሎ ለቀሪው የጊዜ ክፍያ ስምምነት መጠየቅ፣ በሕግ የተፈቀደ ሆኖ ሳለ ብዙዎች የሚያስታውሱት የባንክ ሒሳባቸው ከታገደ በኋላ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ግብርን ለመንግሥት የሚከፈል ዕዳ አድርጎ ሲደነግግ፣ የታክስ ባለሥልጣኑ ንብረት እንዲይዝ፣ ሒሳብ እንዲያግድ፣ ባለዕዳውንም ከአገር እንዳይወጣ እንዲያስከለክል ሥልጣን ሰጥቶታል፤ በዚያው አዋጅ ግን በቂ ምክንያት ያለው ግብር ከፋይ የመክፈያ ጊዜ እንዲራዘምለት ወይም ዕዳውን ከፋፍሎ እንዲከፍል ማመልከት እንደሚችል ተጽፏል። ሕግ አውጪው ስለዚህ ሊከፍል የማይወድን ሰው ሊከፍል ካልቻለ ሰው መለየት እንደሚገባ አስቀድሞ ተረድቷል ማለት ነው፤ የርትዕም መጀመሪያው ይኸው ልዩነት ነው። ጉድለቱ ልዩነቱ ከአዋጁ ገጽ ወደ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ መስኮት በሚወርድበት ጊዜ የሚደበዝዝ መሆኑ ነው፤ ማን እንደሚፈቀድለት፣ ስንት ቅድሚያ እንደሚከፍል፣ መልሱንም በስንት ቀን እንደሚያገኝ ባለጉዳዩ አስቀድሞ ካላወቀ፣ የተሰጠው መብት ሳይሆን የሹም ቸርነት ይመስለዋልና።

ዝምታ የሚያስከፍለውን ዋጋ በቁጥር መመልከት ይጠቅማል። በዚሁ አዋጅ መሠረት ግብሩን በወቅቱ ያልከፈለ ሰው ለመጀመሪያው ወር ወይም ለወሩ ከፊል 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ወር 2 በመቶ ይቀጣል፤ ፍሬ ግብሩ 100,000 ብር ቢሆን ዓመት ሲሞላ ቅጣቱ ብቻ 27,000 ብር ይደርሳል ማለት ነው። በዚህም ላይ በንግድ ባንኮች ከፍተኛው የማበደሪያ ወለድ ላይ 15 በመቶ ታክሎበት የሚታሰበው ወለድ ይጨመራል። ይህ ሁሉ በመዝገብ ላይ በጸጥታ የሚያድግ ስለሆነ ባለዕዳው የዕዳውን ልክ የሚያውቀው ንግድ ፈቃዱን ለማሳደስ ክሊራንስ በጠየቀ ዕለት ይሆናል፤ ያን ዕለት የሚሰማው ቁጥር በሐምሌ ያስፈራው ከነበረው እጅግ የበለጠ ነውና የሸሸው ፍርሃት ሁለት እጥፍ ሆኖ ይጠብቀዋል።

የስምምነቱ መልክ ደግሞ ከመኖሩ ያላነሰ ነገር ነው። እንበልና አንድ የልኳንዳ ባለቤት 120,000 ብር ውዝፍ ዕዳ ኖሮበት በየወሩ 10,000 ብር እየከፈለ በአሥራ ሁለት ወር እንዲጨርስ ተስማማ፤ በወረቀት ላይ ሲታይ ከዚህ የተስተካከለ ነገር የለም። ነገር ግን ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ መጋቢትም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በጾሙ ውስጥ ስለሚውል የክርስቲያን ልኳንዳ በዚያን ጊዜ መንጠቆው ባዶ፣ ቢላዋው የተጠቀለለ፣ ሠራተኛውም ወደ አገር ቤት የሄደ ሆኖ፣ የቤት ኪራዩ ግን ሳያቋርጥ ይቆጥራል። ይህ ሰው የመጋቢትን ክፍያ ቢያጓድል ዐመፀኛ ሆኖ አይደለም፤ ሕጉ ግን አንዱ ክፍያ በተጓደለ ጊዜ ቀሪው ዕዳ በሙሉ ወዲያውኑ እንዲከፈል ስለሚል፣ ስድስትና ሰባት ወር በታማኝነት የከፈለው ሰው በአንድ ወር ጾም ምክንያት ስምምነቱን እንዳፈረሰ ይቈጠራል። በአንጻሩ ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው በበዓለ ኃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾም ስለሆነ የልኳንዳው ገበያ እጅግ የሚደራው ያን ጊዜ ነው፤ እንግዲህ የመጋቢቱን 10,000 ብር ወደ ግንቦት አዛውሮ በግንቦት 20,000 ቢጠየቅ መንግሥት አንዲት ሳንቲም ሳያጣ ሰውየው ቃሉን ሊጠብቅ ይችላል። ልብስ ሰፊውም፣ የጽሕፈት መሣሪያ ሻጩም፣ የግንባታ ዕቃ ነጋዴውም እያንዳንዳቸው የራሳቸው ወራት አሏቸው፤ የቅርንጫፉ ሠራተኛ ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልገውም፣ ባለዕዳውን መጠየቅና የሽያጭ መዝገቡን መግለጥ ይበቃዋል።

አንዳንዶች መድኃኒቱ ምሕረት ነው ይላሉ። በእርግጥም በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የቆየ የግብር ዕዳ እንዲሰረዝ፣ ከእርሱ ቀጥለው በነበሩት ዓመታት ዕዳ ላይ ደግሞ ወለድና ቅጣት እንዲነሣ ወስኖ ነበር፤ መቅሠፍት በወረደበት ዘመን እንዲህ ማድረግ ተገቢ ነው። ሆኖም ምሕረት በተደጋገመ ቁጥር ለሕዝቡ የሚያስተምረው መክፈልን ሳይሆን መጠበቅን ነው፤ በሐምሌ ተበድሮ የከፈለው ሰው፣ ሳይከፍል የቆየው ጎረቤቱ ቅጣቱ ሲነሣለት በዓይኑ እያየ በሚቀጥለው ዓመት ለመክፈል እንዴት ይቸኩላል? በማቴዎስ ወንጌል በተነገረው ምሳሌ እልፍ መክሊት የነበረበት ባሪያ ከጌታው ፊት ወድቆ የለመነው ጊዜ ብቻ ነበር፤ ያገኘው ግን የዕዳውን ሁሉ ስረዛ ነው፤ ከደጅ በወጣ ጊዜም መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አነቀ። የምሳሌው ዋና ነገር ስለ ይቅርታ መሆኑን መምህራን በሚገባ አስተምረውናል፤ ለመዝገብ ቤት ግን ሌላ ምክር አለው፤ ጊዜ የለመነ ሰው ጊዜ ቢሰጠው ኖሮ በየወሩ ሲከፍል የመክፈልን ድካም ያውቅ ነበር፣ የባልንጀራውንም ድካም ለማወቅ ይቀርበው ነበር።

በወቅቱ የከፈለው ሰው በጊዜ ክፍያ ስምምነትም ይበደላል የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል፤ ክርክሩ ከባድ ነውና በቀላሉ መታለፍ የለበትም። ነገር ግን ከፋፍሎ የሚከፍለው ሰው ፍሬ ግብሩን በሙሉ ይከፍላል፤ የጊዜውም ዋጋ የሆነው ወለድ ከመጀመሪያው የመክፈያ ቀን ጀምሮ መቁጠሩን አያቋርጥለትም። ከዕዳው ምንም ስላልተቀነሰለት ተጠቃሚ የሚሆነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሱቁን ሳይዘጋ ዕዳውን መጨረስ መቻሉ። የተዘጋ ሱቅ ደግሞ የዘንድሮውን ዕዳ በሐራጅ በግማሽ ቢያስገኝ፣ የከርሞውንና የከርሞ ወዲያውን ግብር ይዞ ይጠፋል፤ የመምህሩ ደመወዝና የጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚገዛው ግን ከከርሞውም ግብር ነው።

ከባለዕዳው የሚጠበቀው ሥርዓት እንግዲህ ግልጽ ነው፤ የመክፈያው ቀን ሳያልፍ መቅረብ፣ መዝገብን ሳይደብቁ ማሳየት፣ ጥቂትም ቢሆን በዚያው ዕለት መክፈል፣ ሊፈጽሙት የማይችሉትንም ስምምነት ለጊዜው ለመገላገል ብሎ አለመፈረም። ከመንግሥት ወገን ደግሞ ሦስት ነገር ይጠበቃል። ለጊዜ ክፍያ የሚያበቃው መመዘኛና የቅድሚያ ክፍያው ልክ በግልጽ ተጽፎ በየቅርንጫፉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ማመልከቻ ያስገባ ሰው በተወሰነ ቀን ውስጥ የጽሑፍ መልስ ያግኝ፣ ቢከለከልም ምክንያቱ ይነገረው፤ አንድ ክፍያ ያጓደለም ሰው ዕዳው በሙሉ ከመጠየቁ በፊት ጉድለቱን የሚያሟላበት አጭር ቀን ይሰጠው። ከእነዚህ አዲስ አዋጅ የሚያሻው የመጨረሻው ብቻ ይሆን ይሆናል፤ የቀሩት ሁለቱ አንድ የሥራ ኃላፊ በፊርማው ሊፈጽማቸው የሚችል ነገሮች ናቸውና፣ የሚመጣው ሰኔ 30 ሳያልፍ፣ የሐምሌ ሰልፍ ሳይጀመር ቢፈጸሙ ሰልፈኛው መስኮቱ ጋ ሲደርስ ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል።