እረኛው ዛሬ ምን አለ?

በአገራችን የቆየ ልማድ ነበር። ዘመኑ ሲከፋና ሹማምንቱ የሕዝቡን ልብ ማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር። ከብት ጠባቂው ልጅ ፊት ለፊት ቢጠይቁት የማይናገረውን፣ ሜዳ ላይ ሲጫወት በዜማ ያወጣዋል። ትልልቆቹም ለዚያ ጆሮ ይሰጡ ነበር።

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በፍራንክፈርት ወይም በነታኒያ የሚያድገው ልጅ ከብት አይጠብቅም፤ ጠባዩ ግን ያው የእረኛው ነው። አባቱ ከሥራ ገብቶ «ትምህርት እንዴት ነበር?» ሲለው «ጥሩ» ብሎ ወደ ክፍሉ ይገባል። ትምህርት ቤት አስተማሪዋ የተሰማውን በቃል እንዲናገር ትጠብቅበታለች፤ ቤት ደግሞ በትልቅ ሰው ፊት ቁጥብ መሆን የጨዋ ልጅ ምልክት ነው። ልጁ በሁለቱ መካከል ይቆምና ዝምታን ይመርጣል። ጨዋነቱ የሚጣል ነገር አይደለም፤ ደግሞም መጣል አያስፈልግም። በአሻንጉሊት አፍ የተነገረ ቅሬታ ድፍረት ተብሎ አይቆጠርምና ጨዋታ ለሁለቱም ቦታ አለው።

እቃቃን እንውሰድ። እናት፣ አባትና ልጅ ሆነው በቆርኪ ወጥ ሲሠሩ ቤቱ እንዳለ ይወጣል። «እናት» የሆነችው ሕፃን ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «ቆይ፣ አሁን ሥራ ላይ ነኝ» ካለች፣ ድርብ ፈረቃ የምትሠራው እናቷ ብዙ ነገር ሰማች ማለት ነው። የሐኪም ቤት ጨዋታ ደግሞ ለስደተኛ ልጆች የተለየ ክብደት አለው። ብዙዎቹ የእናታቸውን ወይም የአያታቸውን ሕመም ከሐኪሙ ጋር ተቀምጠው ያስተረጎሙ ናቸው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የፌዴራል ደንብ፣ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የሕክምና ተቋማት ከድንገተኛ ሁኔታ በስተቀር በሕፃናት አስተርጓሚነት እንዳይተማመኑ ከልክሏል፤ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ማቅረብም የተቋሙ ግዴታ ነው። ይህን መብት የማያውቅ ወላጅ ዛሬም ብዙ ነው። ልጁ ሐኪሙ ያለውን ቃል በቃል ያደርሳል፣ በዚያ ቀን የያዘው ፍርሃት ግን እሱው ጋ ይቀራል። ጋቢ ለብሳ የተኛችውን አሻንጉሊት ሲያክም «አይዞሽ፣ አትሞቺም» ካላት፣ አጠገቡ ያለ ትልቅ ሰው ሥራውን ትቶ ሊቀመጥ ይገባል።

ሥዕልም በአፍ ያልተነገረውን ያወጣል፤ የስደት ልጆችም በሥዕል ሕፃናትን የመርዳት ሙያ ከተጀመረበት ጊዜ አንስቶ ነበሩበት። ፍሪድል ዲከር-ብራንዳይስ የምትባል ሠዓሊ በ1930ዎቹ ፕራግ ውስጥ ከናዚ ጀርመን ሸሽተው ለመጡ ቤተሰቦች ልጆች ሥዕል ታስተምር ነበር። ኤዲት ክሬመር የምትባል ወጣት ተማሪዋ ትረዳት ነበር። ዲከር-ብራንዳይስ ራሷ በ1942 ወደ ቴሬዚን ጌቶ ስትወሰድ ሻንጣዋን በሥዕል ዕቃ ሞላችው። እዚያም የታጎሩትን ልጆች እያስተማረች፣ በየሥዕላቸው ላይ ስማቸውን እንዲጽፉ ታበረታታቸው ነበር። በ1944 አውሽቪትዝ ውስጥ ተገደለች። በሁለት ሻንጣ ተደብቀው የተረፉት ከ4,000 የሚበልጡ የልጆቹ ሥዕሎች ዛሬ በፕራግ የአይሁድ ሙዚየም ይገኛሉ። በ1938 ኒውዮርክ የደረሰችው ክሬመር ደግሞ ይህን ሙያ ከመሠረቱት ቀዳሚዎች አንዷ ሆነች።

ወላጅ የሙያው ባለቤት መሆን አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት ከማረም መቆጠብ ነው። «ሰው እንዲህ አይሳልም» ወይም «ይሄ ምንድን ነው?» የሚለው ንግግር ልጁ ያወጣውን መልሶ ያስገባዋል። «እስቲ ስለ ሥዕልህ ንገረኝ» ማለት ይሻላል። ልጁ ጥቁር ቀለም ስለመረጠ አዝኗል ብሎ መደምደምም አይገባም፤ ሥዕሉን የሚተረጉመው ባለቤቱ ነው።

ለማይናገርም ለማይስልም ልጅ አሻንጉሊት ይረዳዋል። ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር አዲስ አበባ የጀመረችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው የቴሌቪዥን ዝግጅት ይህን አሳይቷል። ፀሐይ የተባለችው ቀጭኔ አሻንጉሊት በብሩክታዊት ድምፅ በአማርኛ እያወራች የብዙ ሕፃናት ጓደኛ ሆናለች፤ ዝግጅቱ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትን አሸንፏል፣ ብሩክታዊትም በ2010 የሮሌክስ ሽልማት አግኝታለች። ለቤት የሚሆነውን አሻንጉሊት ከአሮጌ ካልሲና ከሁለት ቁልፍ መሥራት ይቻላል። ልጁ ለካልሲው ስም ያወጣለት፤ ከዚያ ወላጁ ልጁን ትቶ ካልሲውን ይጠይቅ። «ዛሬ ማን አስከፋው?» ቢባል መልሱ በፍጥነት ይመጣል።

ዕድሜያቸው ከፍ ላሉት የእንቆቅልሽ ጨዋታ አለ። አንዱ የተሰማውን ነገር ሳይጠራ ሌሎቹ እንዲያውቁት ይገልጸዋል፦ ሆዴን ይቆርጠኛል፣ እጄን ያልበኛል፣ ስሜ ሲጠራ ይመጣል። ፍርሃት ነው? እፍረት? ያላወቀ እንደ ወጉ አገር ይሰጣል። በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት፣ በፊት ላይ የሚታይን ስሜት በስሙ መጥራት አሚግዳላ የሚባለውን የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴ ዝቅ እንደሚያደርግ አሳይተዋል። የተጠኑት አዋቂዎች ነበሩ፤ ይሁንና ቁጣውንና ቅናቱን መለየት የቻለ ልጅ ምን እንደሚያተርፍ ለመገመት አያስቸግርም። ገበጣ ደግሞ ተሸንፎ መቀመጥን ያስተምራል፤ ያ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው።

ጊዜ ከየት ይምጣ? ለሚለው ጥያቄ መልሱ ቡናው ላይ ነው። ቅዳሜ ወይም እሑድ ቡና ሲፈላ ትልልቆቹ ከአቦል እስከ በረካ ይቀመጣሉ፣ ልጆቹ ግን ታብሌት ይዘው ወደ ጓዳ ይላካሉ። አቦሉ ለትልልቆቹ ሆኖ ቶናው ለልጆቹ ጨዋታ ቢለቀቅ፣ እጣኑና ቄጤማው እንዳለ፣ የሚጎድል ነገር የለም።

ጨዋታ የማይደርስበት ጭንቀት እንዳለም መታወቅ አለበት። እንቅልፉ የጠፋ፣ ምግብ የተወ፣ ከሚወዳቸው ጨዋታዎች የራቀ ወይም ራሱን ስለመጉዳት የሚያወራ ልጅ የሕፃናት ሐኪም ወይም የትምህርት ቤት አማካሪ ዘንድ መቅረብ አለበት። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2022 ጀምሮ የአእምሮ ቀውስ መርጃ መስመር ወደሆነው 988 በማንኛውም ሰዓት መደወል ይቻላል። «ሰው ምን ይላል» በሚል መዘግየት ልጁን ይጎዳዋል።

የማኅበረሰብ ማዕከላትና የሰንበት የአማርኛ ትምህርት ቤቶችም ድርሻ አላቸው። ለእንቁጣጣሽ ወንዶች ልጆች ሥዕል ስለው በየቤቱ ማደል፣ ሴቶች ልጆች መዝፈን የቆየ ወግ ነው። በብዙ የውጭ አገር አዳራሾች ግን ሥዕሉ ታትሞ የመጣ አበባ ማቅለም ብቻ ሆኗል። በመጪው እንቁጣጣሽ ባዶ ወረቀት ቢሰጣቸውና «ያለፈው ዓመት ለአንተ፣ ለአንቺ እንዴት ነበር?» ተብለው ቢጠየቁ፣ ሴቶቹም ወንዶቹም ቢስሉ፣ ግድግዳው ላይም ከየስማቸው ጋር ቢለጠፍ፣ ወላጆች እንጀራው ከመቆረሱ በፊት ዞረው የሚያዩት ነገር ይኖራቸዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ከለር፣ ወረቀትና አጠገባቸው የሚቀመጥ አንድ ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ ዝግጅቱን የሚያሰናዱ ኮሚቴዎች ከወዲሁ በዕቅዳቸው ያስገቡት።