ጢሱ ወዴት ሄደ?

ደጇን ጠርጋ ጥራጊውን በጎረቤቷ አጥር ሥር የምትደፋ ሴት ባለሙያ ትባላለችን? የዛሬው ነገራችን የሩቅ አገር ነገር ነው፤ ሥሩ ግን ይኸው ጥያቄ ነው።

የቻይና መንግሥት በ2009 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቤይጂንግ ያለውን የዦንግጓንጹን ሰፈር ለአገር አርአያ የሚሆን የፈጠራ ክልል ብሎ ሰየመው። ሰፈሩ በ1980ዎቹ የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ሱቆች የተደረደሩበት ነበር፤ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች በአጠገቡ ስላሉ ሊቁ ነጋዴውን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። በዚያው ዓመት ዉሃን፥ በ2011 ሻንጋይ፥ በ2014 ሼንዠን ተከተሉ። በእንዲህ ያለው ክልል ተመራማሪው ከፈጠራው ትርፍ ድርሻ እንዲያገኝ፥ አዲሱም ኩባንያ ገንዘብ እንዲያገኝ መንገድ ይከፈትለታል።

ታዲያ ከተማዪቱ ተጠቀመች ወይስ አልተጠቀመችም? ይህን ለማወቅ አረንጓዴ ምርታማነት የሚባል ሒሳብ አለ። ከተማዪቱ ባወጣችው ጉልበት፥ ገንዘብና ኃይል ምን ያህል እንዳፈራች ይቈጥርና ጢሱንና የቆሸሸውን ውሃ እንደ ዕዳ ይይዝባታል።

ሼንዠንን እንይ። ከ16,000 የሚበልጡት የከተማ አውቶቡሶቿ በ2017 መጨረሻ ሁሉም በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ሆኑ። አብዛኞቹን የሠራው ቢዋይዲ የዚያችው ከተማ ልጅ ነው። የሆነ ሆኖ ኩባንያው በባትሪ ሥራ የተነሣው በ1995፥ ክልሉ ከመሰየሙ 19 ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ አውቶቡሶቹም የተገዙት በብዙ የመንግሥት ድጎማ ነው። ስለዚህ ምስጋናውን ሁሉ ለክልሉ መስጠት አድልዎ ይሆናል።

የቤይጂንግ ነገር ከዚህ ይከብዳል። ሾውጋንግ የሚባለው ትልቅ የብረት ፋብሪካ በ2010 መጨረሻ በከተማዪቱ ውስጥ ሥራውን አቆመ። ያነሣውም የፈጠራው ክልል ሳይሆን የአየሩና የ2008 ኦሊምፒክ ጉዳይ ነበር። በ2022 የክረምት ኦሊምፒክ የበረዶ ዝላይ ውድድር የተደረገው በአሮጌዎቹ የማቀዝቀዣ ማማዎች አጠገብ ነው፤ ስፍራው እንዲህ አማረበት! ብረቱ ግን መቅለጡን አልተወም፤ በጎረቤቱ በኸቤይ አውራጃ፥ በታንግሻን ከተማ ባሕር ዳር ይቀልጣል። አዲሱ ፋብሪካ ከአሮጌው የተሻለ መሣሪያ እንዳለው አልክድም። ቢሆንም ታንግሻን በ2013 አየራቸው እጅግ ከከፋ የቻይና ከተሞች መካከል ተቈጥራለች።

እንግዲህ መዝገቡ የቤይጂንግን ወሰን ካላለፈ፥ በአንድ ወገን ፈጠራው ጨመረ፥ ጢሱ ቀነሰ ይላል፤ አንባቢውም ጢሱን የቀነሰው ፈጠራው ነው ብሎ ያምናል። የታንግሻን ልጅ ሳል በየትኛው ዓምድ ይጻፍ? በ2013 መንግሥቱ የቤይጂንግን፥ የቲያንጂንንና የኸቤይን አየር በአንድነት ለማጽዳት ዕቅድ አወጣ። የፈጠራ ክልሎቹም ሒሳብ በዚህ ስፋት ቢሠራ እኔ ያን ጊዜ ቁጥሩን አምነዋለሁ።